ለምሰሶው ንገሪው

ሳሞሲር ደሴት ላይ፣ ሐይቁ ዳር ያለችው ያቺ አሮጌ የእንጨት ማረፊያ እንዴት ናት ብትሉኝ፣ ዛሬም ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነው የምመልስላችሁ። አንሶላው ንጹሕ ነው። ያ ቢጫ መረቅ የለበሰ፣ ምላስ የሚያደነዝዝ ቅመም የገባበት ዓሣ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና እናቴም እንዲያ አድርጋ አልሠራችውም። ጣሪያው ግን ትራስ ላይ ያፈሳል፣ ደረጃው ይወዛወዛል፣ ሙቅ ውኃ በምኞት ነው። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው የሮቱዋ እናት ናት። ባሏን ሐይቁ ከበላው ወዲህ መረብ የምትጥል እሷ፣ የምታጥብ እሷ፣ እንግዳ የምትቀበል እሷ። እሑድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠች መጥታ ምሳ ታቀርባለች። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ሮቱዋ ሜዳን ከተማ ትማራለች። የቤቱ ባለቤት አማቷ ደግሞ በረንዳው ላይ ቼዝ ዘርግቶ ከራሱ ጋር ሲጫወት ይውላል። ሲሸነፍም ይቆጣል!

ምራትና የባል አባት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ወግ ነው፤ እኔም እንደ እነሱ የባታክ ልጅ ነኝ፣ የሲያንታር ከተማ ሴት፤ የባሌ አባት ፊት አንገቴን ደፍቼ ኖሬያለሁ። ግን የእኛዎቹ ሲቸግራቸው አንድ ሁለት ቃል ይወረውራሉ። የእነዚህ ብሶ ነበር። ሰው ካለ በሰው፣ ሰው ከሌለ በምሰሶው ነው። «አንተ ምሰሶ፣ ምሳ ደርሷል» ትላለች። «አንተ ምሰሶ፣ ጨው አንሶታል በላት» ይላል። እኔ በገባሁ ማግሥት ምሰሶው ዐረፈና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እቴ፣ ጣሪያው አበሰበሰኝ እኮ» አልኳት።

ሽማግሌው አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ቆርቆሮ ሳይገዛ እኔ ምን ላድርግ? ንገሪልኝ።»

«አባባ፣ ቆርቆሮ ይገዛ ትላለች።»

«ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ መሰልኩሽ?» አለ ከቼዙ ሳይነቀል። «ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ አይገዛም በያት። ፓርሊን ከገና በኋላ ይረከበዋል። አፍርሶ በሲሚንቶ ይሠራበታል በያት።»

ፓርሊን የወንድሙ ልጅ ነው። ወንድ ልጅ ያልተረፈለት ሰው ንብረቱን ለወንድሙ ልጅ ይሰጣል፤ ሮቱዋ ሴት ስለሆነች አትቆጠርም። ደሜ ፈላ። ዕድሜዋን የጨረሰችበትን ቤት፣ እሷው በሠራችው ምሳ ላይ፣ በእንግዳ አፍ ሊነጥቃት!

«እርስዎ ራስዎ ይንገሯት!» አልኩ። «እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ እንጂ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም።»

«ወግ ነው፣ ልጄ።»

«ወግ! ፓርሊን ለወግ እንኳ አንዲት አንሶላ አጥቦ ያውቃል? ይህን ዓሣ ያጠመደው ፓርሊን ነው?»

«የሲያንታር ሴት አፍ! ጌታ ሆይ ጠብቀን» አለ ለቼዙ።

የሮቱዋ እናት ባዶ ሳሕን ማንሣት ጀመረች። ሆድ ይፍጀው ብላ የኖረች ሴት ናት። ይህ ቻይነቷ ከሽማግሌው ይልቅ አበገነኝ፤ ይዤ ልነቀንቃት ቃጣኝ።

በዚህ መሐል አልፎ አልፎ ሽማግሌውን ቼዝ የሚገጥመው አንድ ጀልባ ቀዛፊ ከታች ተጣራ። «የሮቱዋ አያት! ዛሬስ ልሸነፍልዎ ወይስ እንደ ትናንቱ ላስለቅስዎት?»

ደሴቱ በሙሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። የልጅ ልጅ ያየ ሰው በልጅ ልጁ ስም ይጠራል፤ የራሱን ስም ማንሣት ነውር ነው። ሽማግሌው ደረቱን ነፋ አደረገ። በዚህ ስም ይኮራል፤ ልጁ ቢሞትም ዘሬ አልጠፋም የሚልበት ስም ነው።

የሮቱዋ እናት የያዘችውን ሳሕን አስቀመጠች። ወደ እኔ አልዞረችም፣ ወደ ምሰሶውም አልዞረችም። አማቷን ዓይኑን አየችው።

«ቤቱን ለፓርሊን ይስጡት» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «የልጄን ስም ግን ይመልሱልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የፓርሊን አጎት ይባሉ።»

ቀዛፊው እታች ደርቆ ቀረ። ሽማግሌው ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

«እዚሁ ናት፤ ይጠይቋት» አልኩና ዓሣዬን መብላት ቀጠልኩ። እልህ ስለያዘኝ አንዲት ቃል አላቀብለውም አልኩ።

ሊጠራት አፉን ከፈተ። እሷም ቆማ ጠበቀችው። ግን የሮቱዋ እናት ከማለት በቀር በሌላ ስም አንሥቷት አያውቅም፤ የሮቱዋን ስም ደግሞ አሁን ነጥቃዋለች። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።