ብርድ የሠራው ማር

በቀደም ለት ሄለን ቤት ስደርስ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ጠርሙስ ተቀምጣ አየሁ። ውስጧ ያለው ነገር ቀለሙ ሻይ ይመስላል፤ ዘንበል ሲያደርጓት ግን እንደ ማር ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የልጅ ልጇ ሳምራዊት ከካናዳ በሰው እጅ የላከችላት ነው። እኔ ጣፋጭ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም፤ ከፍቼ ልቅመስ ስል ሄለን እጄን ቸብ አደረገችው። "ተው ታደሰ፣ መጀመሪያ የሚቀምስ ቤት አለ" አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ትዝ ያለኝ። እኔ ሽማግሌ፣ እሷ አሮጊት፣ ጠርሙሷን መሃላችን አስቀምጠን ስንስቅ ያየን ሰው ምን እንዳለን እንጃ።

ሄለንን ሚዛን ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም። ለማያውቃት ግን ልናገር፤ እናትና አባቷ የካናዳ ሰዎች ናቸው፣ እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው። አባቷን ጋሽ ጆን፣ እናቷን እትዬ ማርጋሬት እንላቸው ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ቡና ሊተክሉ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው የሚጀምርበት ላይ ቤት ሠሩ። ጋሽ ጆን ጣሪያውን ሲያቆሙ ሽቅብ አሾሉት። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያይ ነበር። ለምን ቢሏቸው፣ በረዶው ተንሸራትቶ እንዲወርድ ነው አሉ። ሚዛን ላይ ያንን የሚያህል በረዶ ከየት ይመጣል? እጃቸው ከአገራቸው ለምዶት የመጣ ነገር ነው። ግን ለኛ ዝናብም በጀ። ክረምት ሲገባ የኛ ቤት ያፈሳል፣ የነሱ አያፈስም።

አባቴም ቢሆን መጤ ነበር፤ ከመንዝ ወርዶ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል። ቤታችን ከነሄለን ቤት በታች ስለነበር እኔና እሷ አብረን አደግን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫካው ዳር ወፍራም ሐረግ ይዘን ዥዋዥዌ እንጫወታለን፤ ሐረጉ ሲበጠስም የምንወድቀው ቅጠል ላይ ነው። ያ የረጠበ ቅጠል ሽታና ከየግቢው የሚመጣው የጀንፈል ቡና ሽታ፣ ዛሬም ዝናብ ሊጥል ሲል አፍንጫዬ ስር ይመጣል። ቡናው አብቦ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ሲለብስ ሄለን "የእማዬ አገር እንዲህ ነው፣ ግን ይቀዘቅዛል" ትለኛለች። ያየች ያህል ነው የምትነግረኝ። አይታው አታውቅም።

አንድ ቀን ሐረጉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትወዛወዝ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ካናዳ ልንመለስ ነው አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። እንሂድ ያሉት እናቷ ናቸው። እትዬ ማርጋሬት ሰው የሚጠሉ ሆነው አይደለም። ግን አገራቸው ናፍቋቸው ከስተው ነበር። ከግቢያቸው አይወጡም፤ የጎረቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። እሁድ እሁድ እንቁላልና ወተት የገባበት ስስ ቂጣ ይጋግሩልናል። እኔና ሄለን ስኳር ነስንሰን ስንበላ እሳቸው አንዱን ይቆርሱና መልሰው ያስቀምጡታል። አገራቸው ከዛፍ የሚወጣ ጣፋጭ አለ፤ ያ ካልፈሰሰበት ቂጣው ለሳቸው ቂጣ አይደለም።

ጋሽ ጆን ይህን ሲሰሙ ኖረው ኖረው፣ አንድ መጋቢት የእጅ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። አገራቸው ያ ሥራ የሚሠራው በዚያ ወር ነው አሉ። የወደዱትን ዛፍ ደረቱ ላይ ይበሱታል፣ በቀዳዳው የቀርከሃ ቁራጭ ይሰካሉ፣ ከስሩ ጣሳ ያንጠለጥላሉ። አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ እሱን ዙሪያውን በሱት። እኔና ሄለን ከትምህርት ቤት እንደወጣን ከጣሳ ጣሳ መሮጥ ሆነ ሥራችን። አንዱ ውስጥ የዝናብ ውሃ፣ አንዱ ውስጥ ጉንዳን፣ አንዱ ውስጥ ምንም። ከአንድ ዛፍ ብቻ ጠቆር ያለ ነገር ተንጠባጥቦ ተገኘ። ጋሽ ጆን ያንን እዚያው ዋንዛው ስር እሳት አንድደው ቀኑን ሙሉ አፈሉት። ሽታው የተቃጠለ ቆዳ ነው። እትዬ ማርጋሬት በማንኪያ ቀመሱና ተፉት፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላወቅንም። ጋሽ ጆን ድስቱን አንስተው ራቅ ብለው ደፉት።

ዋንዛው ባለቤት ነበረው። በኛ አገር ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ አጥር ባይኖረውም ሜዳ ላይ የተጣለ አይደለም፤ ካባት ለልጅ የሚተላለፍ ነው፣ የማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ጆን አላወቁም፤ የነገራቸውም የለም። ዛፉ የአባባ ወልዴ ነበር፤ አባባ ወልዴ የቤንች ሰው ናቸው፣ በማራቸው የታወቁ። ቀፏቸው እላይ ቅርንጫፉ ላይ አለ። ከስር መሰርሰሩና ጭሱ ሲበዛበት ንቡ ኮብልሎ ሄደ። አባባ ወልዴ መጥተው ባዶ ቀፎ አገኙ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ አንዱ ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። ከዚያ ሄደው ጋሽ ጆን በር ላይ ተቀመጡ። ግቡ ቢሏቸው አይገቡም፤ ውሃ ቢሰጧቸው አይጠጡም። ሲመሽ ሄዱ፣ በማግስቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ቁጣቸው እንዲህ ነበር፤ ከጩኸት የከፋ።

ከተማው ወሬውን በየፊናው ተረጎመው። ወርቅ ፍለጋ ነው ያለ አለ፣ ቤንዚን አገኘ ያለም አለ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሄለንን "የዛፍ አላቢ ልጅ" እያሉ ይከተሏታል፤ አንዱማ እንደ ጥጃ እምቧ ይልባታል። እሷም በቤንችኛ አንድ ነገር ስትመልስለት እየሮጠ ይሄዳል፤ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ትልልቆቹ የሚሉት ግን ቀልድ አልነበረም። የሰው ዛፍ የነካ፣ ንብ ያባረረ ሰው እዚህ ምን መቆያ አለው ይሉ ጀመር። እኔ በዚያ ሰሞን እንጀራዬን እየተውኩ ብነሳ እናቴ የሆድ ትል ነው ብላ ኮሶ ልታጠጣኝ ምንም አልቀራት።

እሁድ ዕለት ሽማግሎች እነጋሽ ጆን ደጅ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አባቴ በንግዱ ቤንችኛ ስለለመደ አስተርጓሚ ተባለ፤ አባባ ወልዴ አማርኛቸው ቀጠን ያለ ነው፣ የጋሽ ጆን ደግሞ ከዚያም ይቀጥናል። ለምን በሳኸው ተብለው ተጠየቁ። ጋሽ ጆን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣

"አገሬ ዛፍ ማር አለው። ንብ የለም። ዛፉ ራሱ" አሉ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። አንዱ፣ ንብ ከሌለ ታዲያ ማን ይሠራዋል አሉ።

"ብርድ" አሉ ጋሽ ጆን። "ሌሊት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ። ያኔ ዛፉ ይሰጣል።"

አባባ ወልዴ ከሣሩ ቀና አሉና "እሺ፣ እዚህ ብርዱን ከየት አግኝተህ ነው የኔን ዛፍ የበሳኸው?" አሏቸው።

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጆን ግን ፊታቸው ቀላ፤ ሚስቴ አገሯ ናፈቃት አሉና ከዚያ ወዲያ አማርኛው አለቀባቸው። በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ቢሆንም የሚሉት ሁሉ የገባው ይመስል ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እሱም ከመንዝ ነው የወረደው።

አባባ ወልዴ በሩ ላይ ወደቆሙት ወደ እትዬ ማርጋሬት ትኩር ብለው አዩ። ካሣ አልፈልግም አሉ። ንቤን አስኮብልለሃል፣ ንቤን መልስ። በእጅህ ቀፎ ሥራ፣ ራስህ ወጥተህ ስቀል። ክረምቱ ሳይከብድ ንብ ከገባበት ዛፉ ታረቀህ ማለት ነው፤ ካልገባበት ይህን ቦታ ልቀቅ። ከገባልህም ደግሞ፣ አንተም ልጆችህም ከዛፍ የምታገኙትን የመጀመሪያ ማር ሳትቀምሱ የኔን ቤት ታቀምሳላችሁ። ሽማግሎቹ ደግ ብለሃል አሉ። ሄለን ከኋላዬ ሸሚዜን ጨምድዳ ይዛ ነበር።

ጋሽ ጆን መጀመሪያ የሠሩት ቀፎ በሳንቃ የተገጠመ፣ የተላገ፣ ሣጥን የመሰለ ነገር ነው። አባባ ወልዴ ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ ንቡ ልብሱን አጥፎ የሚያስቀምጥበት ነው ወይ አሉ። ከዚያ ራሳቸው ቁጭ ብለው፣ በዛፍ ልጥና በሐረግ እንዴት እንደሚጠቀለል አሳዩአቸው። አብረው ሲሠሩ ዋሉ፤ ስድብም ሳቅም ነበረበት። ለንቡ እንዲሸተው ቀፎው ጥሩ ሽታ ባለው ቅጠል መታጠን አለበት፤ አባባ ወልዴ የሚጨሰውን ቅጠል ለሄለን ሰጧትና "አንቺ ነሽ የምታጥኚው፣ እዚህ የተወለድሽው አንቺ ነሽ" አሏት። ጋሽ ጆን በገመድ እየተንጠላጠሉ ወጥተው ሰቀሉት። ሲወርዱ ሱሪያቸው ከኋላ ተቀዷል።

መጠበቅ ሆነ እንግዲህ። ጠዋት ስንሄድ፣ ማታ ስንመለስ፣ አንገታችን እስኪጣመም ሽቅብ እናያለን። አንዲት ንብ መጥታ ዞር ብላ ትሄዳለች። ንብ የሚወደው የብሳና ዛፍ አበበ፣ ረገፈ። ዝናቡ ከሰዓት ከሰዓት መጣል ጀመረ። እነሄለን ቤት ትልቁ የብረት ሻንጣ ከአልጋ ስር ወጥቶ መሃል ቤት ተቀምጧል፤ ክዳኑ ክፍት ነው፣ የሄለን የብርድ ኮት ከላይ ይታያል። የሻንጣው የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እስካሁን ናፍታሊን ቤቴ አላስገባም።

በአንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ደጃችን ሆኜ ጎደሬ ስልጥ፣ እትዬ ማርጋሬት እየሮጡ ሲመጡ አየሁ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ዱቄት ነው፤ ጫማ አላደረጉም፤ ጭቃው እስከ ባታቸው ደርሷል። ቤታችንን አልፈው ቁልቁል ወረዱ። እኔም ጎደሬውን ጥዬ ተከተልኳቸው። አባባ ወልዴ ቤት ደረሱና፣ የሰው ደጅ ረግጠው የማያውቁት ሴትዮ፣ ሳይጠሩ ሳያንኳኩ ዘው አሉ።

"ንብ" አሉ እያለከለኩ። "አባባ፣ ንብ መጣ። ንብ ገባ።"

ሁላችንም ወጣን። መንጋው ዋንዛውን ከቦ ይጮሃል፤ በዚያች ጠባብ አፍ እየተጋፋ ይገባል። ሄለን ከስሩ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ጆን ከቡናው ውስጥ ባርኔጣቸውን ይዘው ደረሱ። እኔ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ልብ ያልኩት ሄለን አለመሄዷን ብቻ ነው። ኋላ፣ ጎልምሼ ሳስበው፣ እትዬ ማርጋሬት ዝም ብለው በጭስ ቢያባርሩት ኖሮ ሻንጣው ይዘጋ ነበር። መጀመሪያ መንጋውን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ማሩ ሲቆረጥ የመጀመሪያው አባባ ወልዴ ቤት ሄደ። በእሁዱ እትዬ ማርጋሬት ስስ ቂጣቸውን ጋግረው ማሩን አፈሰሱበትና ቆርሰው አኘኩ፤ እኛ አፍ አፋቸውን እናያለን። "ያ አይደለም" አሉ። ሌላ ቆረሱ። "ግን ይሁን።"

በኋላ መሬት ሲወረስ ብዙ ፈረንጅ ካገር ወጣ። የኛም ሰፈር ተሰብስቦ እነዚህስ ምን ይሁኑ ሲባል፣ አባባ ወልዴ በከዘራቸው ተደግፈው ተነስተው "ይህ ሰውዬ የኔ ዛፍ ላይ ቀፎ አለው" ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ጆን ማሳው ቢሄድም በቤታቸውና በጓሯቸው ቡና ኖሩ። እሳቸውም እትዬ ማርጋሬትም እዚሁ ነው ያረፉት። ሄለን የጎረቤቶቻችን የሸኮዎች ልጅ የሆነ አስተማሪ አገባች፤ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። ሳምራዊት ከልጅ ልጆቿ ያቺ ቀልጣፋዋ ናት፤ ቴፒ ካምፓስ ተምራ፣ ዕድል ቀንቷት ቅድመ አያቷ ጥለውት የመጡት አገር ገባች። ከየት ነሽ ሲሏት ከሚዛን ትላለች። ቅድመ አያቴ የዚህ አገር ሰው ናቸው ስትላቸው ይስቃሉ አሉ።

ያን ለት፣ ጠርሙሷ መሃላችን እንዳለች፣ ሄለን ለሳምራዊት ደውላ "የዛፉን ባለቤት ታውቂዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ እማማ፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት አለቻት። "ሱቁም ቢሆን ከአንድ ሰው ዛፍ ነው ያመጣው" አለች ሄለን።

ጠርሙሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ቀስ እያልን ወደ አባባ ወልዴ ቤት ወረድን። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ በባጃጅ ሂዱ ብለውን እምቢ አልን። የኛ የሐረግ ዥዋዥዌ የነበረበት ጫካ አሁን ቤት በቤት ነው። ዋንዛው ግን አለ። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ፈለግኋቸው፤ ቅርፊቱ ውጧቸዋል። የአባባ ወልዴ የልጅ ልጅ ዛሬ ቀፎውን በሳንቃ ነው የሚሠራው፤ የተላገ፣ ሣጥን የመሰለ። ሄለን አይታ ፈገግ አለች።

ጠርሙሷን ሰጠችው። ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

"የምን ንብ ነው እማማ ሄለን?"

"ንብ የለውም ልጄ። ብርድ ነው የሚሠራው" አለችው፣ ያን ብርድ አንድ ቀንም ሳታየው ያረጀችው።

ከዚያ እሷ ቀመሰች። ምን እንደምትል አውቀው ነበር፤ ጠበቅኳት።

"ያ አይደለም" አለች። "ግን ይሁን።"

ስንመለስ ሽቅብ ነበርና በየመሃሉ አረፍን። እኔ የማስበው ስለ ሳምራዊት ነው። ዛሬ ልጆች በአንድ ቀን ሰማይ አቋርጠው ይደርሳሉ፤ ስልካቸው ሁሉን ያሳያቸዋል። የየትኛው ዛፍ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ስልክ አይነግርም። መቼም ልጅ ናት፣ ሳታውቅ የሰው ዛፍ መንካቷ አይቀርም። እና እዚያ ብርድ አገር ውስጥ፣ ተቆጥቶ በሯ ላይ የሚቀመጥ፣ ተቀምጦም ለምን እንዳደረገችው የሚጠይቃት አንድ ሽማግሌ አይጥፋ እላለሁ።