ሰባት አያት በአንድ ትንፋሽ

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በአንድ ቀን አከታትሎ መጨረስ የሚባል ውድድር አለ፤ ትሪያትሎን ይሉታል። አሶሳ ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ፈረንጆቹም ከእኔ ሰምተው እንጂ ከየት ያመጡታል?

ባለፈው ሳምንት ልጄ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት እጄ ላይ አሰረችልኝ። ዳገቱን ሳላጋምስ ተንቀጠቀጠ። «አባዬ፣ ቀስ በል እያለህ ነው» አለችኝ። ይህን ምክር በአሥራ ሰባት ዓመቴ ያለ ባትሪ ሰምቼዋለሁ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ከሦስቱ ስፖርቶች ሁለቱን ጨርሶ አልችልም ነበር፤ ሦስተኛውንም የማውቀው ከውሻ ስሸሽ ነው።

ዘመኑ የሰፈራው ዘመን ነው። እኔና አባቴ ከወሎ ተጭነን አሶሳ አካባቢ ስንሰፍር፣ ታናሽ እህቴ ጦይባ በመጠለያው ግርግር ሌላ መኪና ላይ ወጥታ ቀረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናታችን ቀድማ አርፋለች። አባቴ ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነበር።

መስከረም ላይ፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ሳለ፣ ድሬሰር ቶሎሳ ወባ ሊያክም ወደ መንደራችን መጣ። የአባቴን ስም ሲሰማ መርፌውን እንደያዘ ቆመ።

«ጦይባ ይመር የምትባል ልጅ አለችዎት እንዴ? ትናንት አሶሳ መዝገብ ላይ ስሟን አይቻለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ሰፈራ ይጭኗቸዋል።»

አባቴ ሊነሳ ሞከረ፤ ወባው መልሶ አስተኛው። «ሰይዶ» አለኝ፣ «ሁለተኛ እንዳንጥላት።»

ቶሎሳ በሽተኞቹን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ብስክሌቱ ግን ከወንዙ ማዶ ነበረች። «ውሰዳት። ከጅምሩ ከበረርክ ግን መንገድ ላይ ትቀራለህ» አለና ሁለት ጣቶቼን አንገቴ ላይ አስደገፈኝ። ልቤ ገና ሳልነሳ ይደልቃል። ሰዓት የለኝ፣ በምን እቆጥረዋለሁ ስለው ሳቀ። «ወሎዬ አይደለህ? አያቶችህን ቁጠር! ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ ከጨረስክ ሂድ። ሦስተኛው ላይ ካቃተህ ቀዝቅዝ።»

ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዋናውን እንዲህ ፈጸምኩት፦ አያ ባበክር የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ የቀርከሃ እስር አስያዙኝና ከኋላ እየዋኙ ገፉኝ። የእኔ ድርሻ መጮህ ብቻ ነበር።

«አንተ እግር ለምን ይመታል? ውሃ ጠላት አይደለም» አሉኝ።

«ቸኩያለሁ፣ አያ!»

«ወላሂ፣ የቸኮለ ሰው ብዙ አሻገርኩ። ግማሹን ዓሣ በላው።»

ብስክሌቷ ፍሬን አልነበራትም። ዳገቱን እኔ ገፋኋት፣ ቁልቁለቱን እሷ ነዳችኝ። ቀዩ ጭቃ ጎማዋን እየያዘ በእንጨት ስጭር፣ ቀና ብል ፀሐይዋ አናቴን አልፋለች። ደንግጬ ፔዳሉን ረገጥኩት። «ሰይድ ይመር፣ ይመር አሊ፣ አሊ...» ትንፋሼ እዚያ ላይ አለቀ። ዓይኔ ጨለመ፣ ሣር ውስጥ ተዘረርኩ።

ተኝቼ አሰብኩ። ሮጦ መድከም ማንም ይችላል፤ ረፍዶብህ እያለ ቀስ ማለት ግን ጥርስ ያስነክሳል። ነከስኩ። ከኪሴ የእርዳታ ስንዴ ቆሎ አውጥቼ እየቆረጠምኩ ሰባቱም አያቶቼ እስኪሰበሰቡ ጠበቅኩና ተነሳሁ። ጎማዋ ሲፈነዳ ብስክሌቷን አንድ ገበሬ ደጅ አደራ ብዬ በእግሬ ቀጠልኩ። ዳገት ላይ አያቶቼ ሁለት ይቀራሉ፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ይመለሳሉ። ሁለት ሲሆኑ እራመዳለሁ፣ ሰባት ሲሆኑ እሮጣለሁ። አንዴም ቢሆን አልቆምኩም። መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዓል ሲሆን ስድሳ እለዋለሁ።

አሶሳ ስደርስ የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ለአንዲት ጩኸት የሚበቃ ትንፋሽ ተርፎኝ ነበር።

«ጦይባ!»

ሹሩባ የተሠራች አንዲት ልጅ ዞረች። ዘልዬ አቀፍኳት፣ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ በፍርሃት። እናቷ ጀርባዬን በዱላ ስታቀምሰኝ፣ መኪናው ላይ ያለች አንዲት ራሷን የተላጨች፣ አጥንቷ የወጣ ልጅ ጮኸች፦

«ሰይዶ! እኔ ነኝ እኮ! ያቺን ልቀቃት!»

ዘልላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጫኙ ሰውዬ ዝርዝሩን ይዞ ቢጮህ፣ ቢጎትታት አልላቀቅ አለችው፤ በመጨረሻ ስሟን ሰረዘ።

ጦይባ ዛሬ ባምባሲ ሰሊጥ ትነግዳለች፤ የልጅ ልጅ አላት። እኔም አርባ ዓመት ገደማ፣ ከሩቅ በአረማመዷ ለይቼ እንዳወጣኋት ሳወራ ኖሬያለሁ። እሷም እየሰማች ቡናዋን ፉት ትላለች እንጂ አንድ ቀን አላጋለጠችኝም። ያን ቀን፣ ያቺን ልጅ ከማቀፌ በፊት፣ እሷ መኪናው ላይ ሆና ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር፤ አይቻት ነው ያለፍኳት። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የእህቴን ፊት ረስቼው ነበር።