ሽማግሌ የተላከበት ግራ እግር

መካኒሳ አቦ አካባቢ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ጋሽ መኩሪያን ነው። ለልጁ ሚስት የሚያስጠይቅ ሰውም እንዲሁ። ለቧንቧው ሲሄድ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ቱታውን ይለብሳል፤ ለሽምግልናው ደግሞ ባለቤቱ አጥባና አጣጥፋ ከፍራሽ ሥር ያስተኛችውን ነጭ ጋቢ ይደርባል። በሁለቱም የሚያሳፍር ሰው አይደለም። በሽምግልናው በተለይ፣ ሄዶ እንቢ ተብሎ የተመለሰበትን ቀን የሚያስታውስ የሰፈር ሰው የለም።

ከሥራውና ከሽምግልናው ሌላ አንድ ፍቅር ደግሞ አለው፤ የለቡ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ። ጎረምሳ ሳለ የጀመረው ነው። አሁን ጥርሱ ጎድሎ፣ ጸጉሩ ነጥቶ እንኳ ስታዲየም ሲገባ ቢጫና አረንጓዴ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው፤ ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ይበልጣል። ክለቡ በተሸነፈ ቀን ምሳ አይቀምስም። ባለፈው ዓመት ብዙ ምሳ ሊያልፈው ሲል ያዳነው የአንድ ልጅ ግራ እግር ነበር። ልጁ ጸጋአብ ይባላል፤ እዚያው ከጋሽ መኩሪያ አጥር ጎን፣ እናቱ ወይዘሮ ተሾመች በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ደርድራ ስትሸጥ ያደገ። ያ ግራ እግር በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች እየደጋገመ አግብቶ ክለቡን ከመውረድ አተረፈው። ጋሽ መኩሪያ ያኔ ከደስታው ብዛት አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀውን ሰው ግንባር ስሟል።

ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ተሾመች ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ የጋሽ መኩሪያን በር አንኳኳች። ከኋላዋ ጸጋአብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ቆሟል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ሽማግሌ ልልክዎት ነው የመጣሁት።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብሎ ጸጋአብን ጀርባውን መታ አደረገው። «የማን ልጅ ናት? ሩቅ ናት ቅርብ?»

«ሴት አይደለችም ጋሼ» አለ ጸጋአብ መሬት መሬት እያየ።

«ምን ማለት ነው ሴት አይደለችም?»

«ክለቡ እንዲለቀኝ ነው።»

ብድግ ብሎ የነበረው ጋሽ መኩሪያ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ተሾመች ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው። ዳሬሰላም ያለ አንድ ትልቅ ክለብ ልጁን ፈልጎታል። በሚከፍለው ገንዘብም ከለቡ ኮከብ ጋር ተስማምቷል። ግን ጸጋአብ ገና ሁለት ዓመት ውል አለው፤ የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ሚሳኤል መልቀቂያውን ካልፈረመ መሄድ አይችልም። የዝውውሩ መዝገብ ደግሞ ሰኞ ማታ ይዘጋል። ልጁ ጨንቆት በኤፍ ኤም ሬዲዮ ቀርቦ «መልቀቅ እፈልጋለሁ» ቢል አቶ ሚሳኤል ጭራሽ ተቆጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩንም አያነሳለት።

«ታዲያ እኔን?» አለ ጋሽ መኩሪያ። «ተሾመች፣ ከሰው ሁሉ እኔን? በገዛ ጎሌ ላይ አግባ እኮ ነው የምትዪኝ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሚስት ሲጠይቁ በዚያኛው ቤት የምታለቅስ እናት አለች» አለች ወይዘሮ ተሾመች ቀስ ብላ። «እሷን እያዩ ነው ሲጠይቁ የኖሩት። ዛሬ ለቅሶው በእርስዎ ቤት ሲሆን ነው የከበደዎት?»

ጋሽ መኩሪያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አንተ፣ እኛ ምን በደልንህ?» አለው።

«ምንም ጋሼ።» ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ በራ። «ግን ሜዳቸውን በስልክ አሳዩኝ። ሣሩ ምንጣፍ ነው። ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቶ ሲዘፍን መሬቱ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ጉልበቴ ሳለ አንዴ እዚያ መሐል ልቁም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በለቡ ታክሲ ተሳፈሩ። ጋሽ መኩሪያ፣ ሁለተኛው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሐጂ ጀማሉዲን፣ ሦስተኛው አካባቢው ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ የኖሩት፣ ከከዘራቸው የማይለዩት አቶ ኮርሳ። የታክሲው ረዳት ነጭ ጋቢያቸውን አይቶ፣ «አባቶች፣ ተሳካ በሉኝ! እኔንም አስቡኝ፣ ዕድሜዬ እየሄደ ነው!» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ ግን አልሳቀም፤ ሆዱ ውስጥ ሁለት ቡድን እየተጫወተ ነበር።

የአቶ ሚሳኤል ቤት ለቡ መብራት ኃይል፣ በኮብልስቶኑ መንገድ መጨረሻ፣ ቡናማ የብረት በር ያለው ነው። በሩን የከፈተችው ሴት ልጁ ማርቲ ነበረች። እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ፣ አንድ ከዘራ። አየቻቸውና በነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተች ወደ ቤት ሮጠች።

«እማዬ! እኔ ማንንም አላውቅም! በእግዚአብሔር ስም፣ ማንንም አልላክሁም!»

እናቷ በበኩሏ ሽርጧን እየፈታች ወጥታ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ ሳሎን አስገባቻቸው፣ የሶፋውን ልብስ በእጇ አበሰች። አቶ ሚሳኤልም ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ። ፊቱ ላብ ላብ ብሎታል። «ተቀመጡ አባቶቼ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጋሽ መኩሪያ እንደ ደንቡ።

«ልጄ ገና ተማሪ ናት…»

«በልጅዎ አልመጣንም። በጸጋአብ ነው የመጣነው። መልቀቂያውን ይስጡት።»

ከመጋረጃው ጀርባ ማርቲ «እልልል!» ስትል እናቷ በጥፊ ዝም ስታሰኛት ተሰማ። አቶ ሚሳኤልም ትንፋሹ ተመለሰለት፤ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠና ቁጣው መጣ።

«እኔን በሬዲዮ ከሶኝ እናንተን ላከ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ ወረቀቱ ግን ይዞታል!»

«በሬዲዮ ማውራቱ ጥፋት ነው» አሉ ሐጂ ጀማሉዲን። «ልጅ ነው። ይቅርታም ይጠይቃል።»

አቶ ሚሳኤል ትንሽ አሰበ። የሕንፃ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ድርድር ያውቃል። ድምፁን አለስልሶ፣ «እንግዲህ ሽማግሌ መጥቶ እንቢ አይባልም» አለ። «ከቤተሰቤ ጋር ልምከርበት፤ የዛሬ ሳምንት እሁድ ኑ። ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ።»

ሚስት ሲጠየቅ ደንቡ ይኸው ነው። የልጅቱ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮ የተሰጠው ሽማግሌም ግማሽ እሺ እንዳገኘ ቆጥሮ፣ መርቆ ይወጣል። ሐጂ ጀማሉዲን ከልማድ የተነሳ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ቤታችሁን ይባርክ» አሉ፤ አቶ ኮርሳም «አሜን» አሉ፤ ጋሽ መኩሪያም «አሜን» አለ። ሦስቱም እየተመሰጋገኑ ወጡ።

ኮብልስቶኑን ግማሽ እንደሄዱ ነው ጋሽ መኩሪያ ቀጥ ብሎ የቆመው። መዝገቡ የሚዘጋው ነገ ነው! የዛሬ ሳምንት መልቀቂያው ምን ይሠራል? ሰውዬው በገዛ ደንባቸው ጠቅልሎ ሸኝቷቸዋል። ልጁ ቀረ ማለት ነው። ያኔ ልቡ በደስታ ዘለለች። ጸጋአብ ቀረ! ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ግራ እግር የኛ ነው! ከንፈሩ ሊፈገግ ሲል የወይዘሮ ተሾመች ፊት ድቅን አለበት፤ ሰውነቱ በእፍረት ጋለ። ለሰው ሚስት እየጠየቀ በልቡ እንቢ እንዲሉት የሚጸልይ ሽማግሌ ምን ይባላል?

«ተመለሱ» አለ።

«ቀጠሮ ተቀብለን?» አሉ አቶ ኮርሳ።

«ሙሽራ ትጠብቃለች። የኳስ ተጫዋች ጉልበት ግን አይጠብቅም። ተመለሱ አልኩ!»

ሲመለሱ አቶ ሚሳኤል በረንዳው ላይ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ሳይታወቀው የስታዲየሙን ድምፅ አወጣ። «አቶ ሚሳኤል! ዛሬ ካልሆነ አንሄድም!»

ሰውዬው ደነገጠ። ጣቱን ቀሰረ። «ቆይ ቆይ፤ ይህ ድምፅ… በተሸነፍን ቁጥር “ሚሳኤል ውረድ” የሚለው ድምፅ! እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ» አለ ጋሽ መኩሪያ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

አቶ ሚሳኤል ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቁጣው በርዶ፣ የደከመው ይመስል ነበር። «እንግዲያውስ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። በልጁ መሄድ ክለቡ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። እኔ የምፈራው እናንተን ነው። ኮከባችሁን ለቀቅሁ ማለት እኮ ሱቄን አስደበደብኩ ማለት ነው። ደጋፊው በሰላም ይሸኘው፣ እኔ ምን ጨነቀኝ? ደጋፊውን አሳምነው ይምጡ፤ እፈርማለሁ።»

ጋሽ መኩሪያ ወደ መካኒሳ የተመለሰው ታክሲው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት እሁድ ከሰዓት ጢም ብሎ ይሞላል። የእንግሊዝ ቡድኖች ይጫወታሉ፤ የለቡ ኮከብ ደጋፊ በሙሉ እዚያ ነው። ጋሽ መኩሪያ ሁለቱን ሽማግሌዎች ወደየቤታቸው ሸኝቶ፣ በመንገድ በጣለው ዝናብ የራሰ ጋቢውን እየጎተተ፣ በአግዳሚዎቹ መሐል ተጋፍቶ አልፎ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

የተነሳው ጩኸት ቆርቆሮውን ነቀለው ማለት ይቻላል። «ጋሽ መኩ! ምን ነካህ!» «ኮርና ነው እኮ!» «አብራው! ኧረ ሰውዬው አብዷል!»

«ጸጋአብ ይሂድ!» አለ ጋሽ መኩሪያ።

ጩኸቱ ባሰበት። «የት ነው የሚሄደው?» «ማን ያስለቅቀዋል?» «ከሃዲ ነው!» ከኋላ አንዱ፣ «ሽማግሌውን ምን አጉርሰውት ነው?» ብሎ ተሳደበ።

ጋሽ መኩሪያ አግዳሚ ላይ ወጣ። «እኔ ነኝ የጠየቅሁለት። ዛሬ ጠዋት፣ በእነዚህ እግሮቼ ሄጄ። የምትሰድቡት ሰው ከፈለጋችሁ እኔን ስደቡ። አንተ ቡዜ!» አለ ወደ ተሳዳቢው ዞሮ። ቡዜ የደጋፊው ከበሮ መቺ ነው። «ባለቤትህን ስጠይቅልህ አባቷ ምን አለኝ? “አንድ ልጄን ከቤቴ ልታወጣት ነው” ብሎ አለቀሰ። ምን አልኩት?»

ቡዜ ሻርፑን ይነካካ ጀመር።

«ተናገራ!»

«“ቤትህን አታጎድልም፤ ስምህን ይዛ ሌላ ቤት ትሄዳለች” ብለኸዋል።»

«እሷ ስትሄድ ትክክል ነው፤ የኛ ሲሄድ ክህደት ነው? ልጁ ዳሬሰላም ሲያገባ ከየት ነው የመጣው ይሉታል? ከመካኒሳ! ከለቡ ኮከብ! እኔ በዚህ ክለብ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያመው ካለ ቆሞ ይናገር።»

የቆመ አልነበረም። ቡዜ አንገቱን ሲያክ ቆየና፣ «እና አሁን ምን እናድርግ?» አለ።

«ሽማግሌ ሁኑ።»

«እኛ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ተነሱ። መጀመሪያ ቡዜ፣ ከዚያ አጠገቡ ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። በታክሲ የሚጫን አልነበረም፤ በእግር ነጎዱ። የጀርባ ቦርሳ ያነገተ፣ ጸጉሩን የተሠራ፣ ጂንሱ የተቀደደ፤ ሁሉም ቢጫና አረንጓዴ ሻርፑን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ደርቦ። በየመንገዱ ሰው በረንዳ ላይ እየወጣ ያያቸዋል። መዝፈን ሲጀምሩ ጋሽ መኩሪያ «ሽማግሌ አይዘፍንም!» ይላቸዋል፤ ዝም ይላሉ፤ ደግሞ ሳያስቡት ይጀምራሉ።

አቶ ሚሳኤል ድምፁን ሲሰማ ድንጋይ የመጣ መስሎት የመስኮቱን ብረት ዘጋ። ቆይቶ በበሩ ቀዳዳ ቢያይ መንገዱ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ሁሉም በካፊያው ውስጥ እጁን ወደ ፊት አጣምሮ ጸጥ ብሎ ቆሟል። በሩን ገርበብ አደረገ።

«ምንድን ናችሁ?»

«ሽማግሌዎች ነን» አለ ቡዜ፤ አገጩ ላይ አንድም ሽበት የለም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

አቶ ሚሳኤል ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልቻለም። ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ የበሩን ብረት ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ተሰምቷል!» አለ። «ልጁን ጥሩት። እኔም መልቀቂያው የሚላክበትን ኮምፒውተር ላስከፍት።»

ያኔ ነው ጩኸቱ የፈነዳው። ጸጋአብ ከእናቱ ጋር በታክሲ ሲደርስ መሬት አላስረገጡትም፤ በትከሻቸው ተቀባብለው እስከ በረንዳው አደረሱት። የአቶ ሚሳኤልን ጉልበት ሊስም ሲል ሰውዬው ቀና አድርጎ ጉንጩን ሳመው፤ በሬዲዮው ነገር ግን ጆሮውን ሳይቆነጥጠው አላለፈም። ፈረመለት። ወይዘሮ ተሾመች ጋሽ መኩሪያን አቅፋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ግማሹ የእሷ ለቅሶ ነው፣ ግማሹ የራሱ።

እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ቀና ሲል ቡዜና አቶ ሚሳኤል ደረጃው ላይ ተፋጠዋል።

«ግራውን ማን ሊጫወት ነው ታዲያ?»

«ከታዳጊው ቡድን አንድ ልጅ አለኝ።»

«ያ ቀጭኑ? በቀኝ እግሩ ነው እኮ የሚመታው!»

«ይለምዳል!»

«አይለምድም!» አለ ጋሽ መኩሪያ፤ ሰዉን በክርኑ እየገፋ፣ ድምፁን እያነሳ መሐላቸው ገባ። «አቶ ሚሳኤል፣ ስማኝ ልንገርህ…»