ፕስኮቭን በምላጭ

ባለፈው ወር አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ አንድ የቆየ ስዕል አየሁ። ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ውስጥ ሽንኩርት የመሰሉ ጉልላቶች። ፍሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምስማር አጣምሞ የመምታት አመሌን የት አጣዋለሁ። የጥርሴን ሕመም ረሳሁት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ እዚሁ አካባቢ ኢስት ፖይንት አጠገብ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሆናል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ከሱዳን ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ፤ ያገኘሁትን እሸጣለሁ። ከጎኔ አሌክሲ የሚባል ሩሲያዊ ሽማግሌ ሰዓት ይጠግናል። ነሐሴ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ገዢ ይጠፋል። ያን ጊዜ ጥቁር ዳቦና በጢስ የደረቀ ዓሣ ያካፍለኝና ከአባቱ የወረሰውን ትልቅ መጽሐፍ ይገልጣል። የትውልድ ከተማው የፕስኮቭ ታሪክ ነው፣ በየገጹ ስዕል አለበት። የጀርመን ባላባቶች ዙሪያዋን ሲያቃጥሉ፣ የሞስኮው ገዢ የሸንጎዋን ደወል ሲያስወርድባት፣ የፖላንድ ንጉሥ ክረምቱን ሙሉ ከቧት ሳይገባ ሲቀር። መጽሐፉ ያልደረሰበትን በቃሉ ይጨምርልኛል፤ የመጨረሻው ንጉሣቸው ዙፋኑን የለቀቀው እዚያች ከተማ፣ ባቡር ውስጥ ነው። የኛ በቮልስዋገን መወሰዳቸውን ስነግረው ስቆ ዓሣው ትን አለው።

መስከረም ላይ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገባ ጠረጴዛውን አደራ ሰጠኝ። ሰዓቶቹን እንድሸጥለት፣ መጽሐፉን ግን ማንም እንዳይነካው። ከዚያ አምስት ሳምንት ወሬው ጠፋ። ሆስፒታሉ በአውቶቡሴ መንገድ ላይ ነበር፤ አልወረድኩም።

ንግዱን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ መጽሐፉን አገላብጠው፣ «ሰው መጽሐፍ ዓይቶ ያልፋል። ስዕሉ ፍሬም ሲገባ ግን የቤቱ ባዶ ግድግዳ ትዝ ይለዋል» አሉኝ። ባለቤቱ ሆስፒታል ነው ብላቸው፣ «በሱ ዕድሜ ከዚያ በየትኛው በር እንደሚወጣ ታውቃለህ» አሉ። መስማት የፈለግኩትን ነበር ያሉኝ።

በምላጭ ቆረጥኩት። ጽሑፉንና ሽፋኑን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተማዋ በየሳሎኑ ተበተነች። ቃጠሎውን እንኳ አንዲት ሴትዮ ከሶፋዋ ቀለም ጋር ስለሄደላት ገዛችው።

ኅዳር ላይ አሌክሲ ተመለሰ። ከመክሳቱ የተነሳ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። መጽሐፉን ጠየቀኝ፤ ተሰረቀ አልኩት። እሱ ግን ከኋላዬ ተሰቅሎ የቀረውን አንዱን ስዕል፣ ደወሉ ሲወርድ የሚያሳየውን፣ እያየ ነበር። ዋጋውን ጠየቀኝ።

ለማንም ገዢ የምጠራውን ዋጋ ጠራሁለት። በነፃ ብሰጠው ሌባው እኔ መሆኔን ማመን ይሆንብኝ ነበር። ሳይከራከር ከፈለ። ስዕሉን ቀስ ብሎ አወጣና ፍሬሙን ጠረጴዛዬ ላይ መለሰልኝ።

«ያቃጠሏት ሁሉ አያውቋትም ነበር» አለኝ። «ላንተ ግን ገጽ በገጽ ነግሬህ ነበር።»

ጠረጴዛውን አንስቶ የተቀቀለ ለውዝ ወደሚሸጡበት ወደ መጋዘኑ ሌላ ጫፍ ወሰደው። ለፋሲካ እዚያም አልነበረም።

ጥርስ ሐኪሙ ጋ እንግዳ መቀበያው ላይ ቼክ ኢን ያደረገችኝ ልጅ የአገሬ ልጅ ናት። በስዕሉ ላይ መፍዘዜን አይታ፣ «አባባ፣ የት አገር ይሆን? ስንቱን ጠየቅኩ፣ የሚያውቀው የለም» አለችኝ። አሌክሲ ከሞተ፣ በዚህ ሁሉ አትላንታ ውስጥ ያንን ስዕል የሚያውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በዕድሜዬ ያልሸጥኩት ነገር የለም፤ ይህ እውቀት ግን እጄ ላይ ቀርቷል። የማንን ከተማ እንደምታይ ብነግራት፣ እንዴት እዚህ ግድግዳ ላይ እንደወጣ ትጠይቀኛለች።

«እኔም አላውቀው፣ የኔ ልጅ» አልኳት።