ከአባ ነቅንቅ በስተኋላ

በዚህ ግቢ ዕድሜዬን የበላው መንገድ አይደለም፤ አባ ነቅንቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመጋዘኑ ጭነን ስንወጣ የእሱ መኪና ከፊት፣ የእኔ ከኋላ ነው። በሩ አንድ ነው። እሱ ካልወጣ እኔ አልወጣም።

ስሙን ያወጣንለት እኛው ሾፌሮቹ ነን። ተሳቢው ከመኪናው ጋር ከተያያዘ በኋላ ወርዶ ሁለቱን የሚያያይዘውን ፒን ይነቀንቃል፣ የአየር ቱቦዎቹን ይነቀንቃል፣ ሰንሰለቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጋቢና ገብቶ የተሳቢውን ፍሬን እንደያዘ በአንደኛ ማርሽ ትንሽ ሳብ ያደርገዋል። መያዙን አይቶም አያምንም፤ እንደገና ይወርዳል። ቤቱንም ቆልፎ፣ በሩን ደጋግሞ ስቦ ነው አሉ የሚተኛው። ጥሩምባዬን ሳስጮህበት፣

"ተሳቢ ተፈትቶ ቁልቁለት ላይ ሲሄድ አይቻለሁ!" ይለኛል።

"የእኔ ዕድሜ እዚህ በር ላይ ሲያልቅስ አላየህም?" እለዋለሁ።

እንዲህ እየተነታረክን ስንኖር ድርጅቱ ተሳቢ የሚያያይዝ ሠራተኛ ቀጠረ። የተቀጠረው የአባ ነቅንቅ አማች፣ የአንዲት ልጁ ባል ሆነና አረፈው። እጁ ቀልጣፋ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው። አባ ነቅንቅ ግን አማች አያውቅም፤ የልጁ ባል ያያያዘውን ሁሉ በሰው ፊት ወርዶ ይነቀንቃል። እኛም ምላሳችን አያርፍ፣ "ልጅህን ሰጥተኸው ፒን ትነፍገዋለህ?" እያልን እንስቃለን።

ሳቃችን ቤት ድረስ ገባ። ልጅቱ፣ "ባሌን መሳቂያ እያደረግህማ ቤቴ አትምጣ፤ እኔም አልመጣም" አለችው። ሰውየው ከሳ። የልጅ ልጁን ካየ ስንት ጊዜው!

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለኝ አንድ ቀን።

"አትነቅንቃ! ላንድ ቀን እንኳ ተወው።"

ሞከረ። ሞተር አስነሣ፣ መሪ ጨበጠ። ተመስገን ልል ስል የጋቢናው በር ተከፈተና ወረደ። ቆሽቴ አረረ።

በዚህ መሃል አማቹ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ አወጣ። መጀመሪያ መኪና ይዞ በሚወጣበት ጠዋት ሚስቱ ልትሸኘው መጣች። አባ ነቅንቅ ልጁን ሲያይ የሚሆነውን አጣ። "ዛሬስ እኔ ነኝ የማያይዝለት!" ብሎ ጓንቱን አጠለቀ። እሷን እያየ፣ እየሳቀ፣ ስለ ሕፃኑ እየጠየቀ አያያዘና የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርጎ፣ "በል ውጣ!" አለ።

አማቹ ግን ጋቢና አልገባም። ወደ መያያዣው ሄዶ ጎንበስ አለ። ጭራሽ ሁለተኛ ነቅንቅ! ልጣላ ከመኪናዬ ወርጄ አጠገባቸው ደረስኩ።

"አንተ! የአባዬን ሥራ ነው እንዴ የምትፈትሸው?" አለች ሚስቱ።

አባ ነቅንቅ ደሙ ፈላ። "ይፈትሽ! ይፈትሽ እንጂ! እኔ እኮ ትናንት ነው ሥራ የጀመርኩት!" አለና እሱም ጎንበስ ብሎ አየ።

ፒኑ እስከ ግማሽ ብቻ ገብቶ ቆሟል። መቆለፊያው አልዞረም።

ሁለቱ ተያዩ። አማቹ ዞር ብሎ ጀርባውን ለሚስቱ ሰጠ፣ ፒኑን በመዳፉ ተጭኖ እስከ መጨረሻው አስገባው፣ ቆለፈው። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱ እንድትሰማ፣ "ጥብቅ ነው አባባ፤ እጅዎ ይባረክ" አለ። ጋቢና ገብቶ ሳብ አድርጎ ሞከረውና በሩን አልፎ ሄደ።

ልጅቱ አባቷን እቅፍ አድርጋ፣ "ነገ ቤት ና፤ ልጁም ይይህ" አለችው። ያን ሁሉ ጊዜ የናፈቀው ቃል ይህ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ግን እጆቹን እያየ፣

"ምነው አማቼ በሰደበኝ" አለኝ።

ወደ ራሱ መኪና ሄዶ መነቅነቅ ጀመረ። እኔም ጥሩምባዬን ትቼ የተሳቢዬ መያያዣ ላይ ጎንበስ አልኩ። የራሴን ፒን ካየሁት ቆይቷል።