ጋሽ ዘለቀ የጃፓኑን ውስኪ የቀመሱ ዕለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። እስከ ረፋዱ፦ ሳሙና ደህና ወጣ፣ ክብሪት አለቀ፣ ስኳር ዛሬም የለም። የጃፓን ውስኪ ስድስት ጠርሙስ፣ ገዢ የለም።

ውስኪውን ጉምሩክ የተወረሰ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሌላው ነጋዴ ጽሑፉን አይቶ መድኃኒት መስሎት ተወው። ከሥር በትንሹ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ከሆነ፣ ከብቅል ብቻ የወጡ የተለያዩ ውስኪዎች ተቀላቅለው የተሠራ ነው። «ከብቅል ብቻ ከሆነማ ጠላ ነው» አለች ባለቤቴ፤ ነገሩን በዚያው ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት ግን ከዚራ ሰፈር ያለው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። ነገ ከአዲስ አበባ ጓዶች ይመጣሉ፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ውስኪ የሚባል ጠፍቷል።

«ጋሽ ዘለቀ ይቅመሱት» አለኝ። «እሳቸው ደህና ነው ካሉ ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ። መጥፎ መጠጥ እንግዶቹ ፊት ከቀረበ ግን ሻጥር ነው የሚባለው። ለእኔም ለአንተም አይበጅም።»

ጋሽ ዘለቀ ከባቡሩ ፈረንሳዮች ዘመን ጀምሮ በሆቴሉ ባንኮኒ መጠጥ የሚቀዱ ሰው ናቸው። በመጠጥ ነገር ቃላቸው አይመለስም።

ሥራ አስኪያጁ እንደሄደ አንዱን ጠርሙስ ከፍቼ በሻይ ብርጭቆ ትንሽ ቀመስኩ። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ቀጥሎ ማር የመሰለ ነገር፣ መጨረሻ ላይ የጠፋ ከሰል ሽታ። ወደድኩት። ግን እኔ ምኑን አውቃለሁ... የምሸጠው ሳሙናም ሽታው ደስ ይለኛል።

ቀጠሮውን ለአሥር ሰዓት አደረግሁት፤ ሙቀቱ በረድ ይላል ብዬ። ስህተቴ እሱ ነበር። በአሥር ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ያልያዘ ምላስ አይገኝም።

ጋሽ ዘለቀን ያገኘኋቸው ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ሮብሌ ቤት፣ በርጫ ላይ ነው። ትራስ ተደግፈዋል፣ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሯል። እኔ ጨጓራዬ ስለማይችል አልቅምም። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ንጹህ ብርጭቆ ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«አቦ፣ ጃፓን ደግሞ ውስኪ መሥራት የጀመረው መቼ ነው?» አለ ሮብሌ። በዕድሜው ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።

ጋሽ ዘለቀ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «ወሪያ ሮብሌ፣ የዋሂል ገጠርን መንገድ ድሮ የማን መኪና ነበር የሚወጣው?»

«የእንግሊዝ።»

«ዛሬስ?»

«የጃፓን።»

«በቃ!»

ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ውስኪው ሳይቀመስ ፈተናውን አለፈ።

ከዚያ ምርቃናው ገባ። ጋሽ ዘለቀ ደቻቱ ወንዝ ዳር የውስኪ ፋብሪካ አቆሙ። «የጃፓን ገብስ ይኼን ካደረገ የዋሂል ማሽላ ምን አነሰው?» አሉ። እኔን መጋዘን ላይ ሾሙኝ፤ ሮብሌን ትራንስፖርት ላይ።

«እኔ ሐራም ነገር ውስጥ የለሁበትም» አለ ሮብሌ።

«አንተ በርሜል ብቻ ነው የምትጭነው።»

ሮብሌ ትንሽ አሰበ... «ባዶውን ከሆነ ይሁን።»

ቀጥሎ ደቻቱ ሲሞላ ፋብሪካውን ጎርፍ እንዳይወስደው በሚሠራለት ግድብ ቁመት ላይ ክርክር ተነሣ። የኔ ብርጭቆ ግን አሁንም ደረቅ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ አንዴ ይቅመሱልኝ» አልኩ።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን?» አሉኝ። «ምርቃናዬን ልታፈርሰው? ምን አደረግሁህ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። ቃሚ ሰው መጠጥ የሚነካው ምርቃናውን ለመስበር ነው፤ ጨብሲ የሚባለውም እሱ ነው፤ ያም ሰዓት አለው። እስኪመሽ ጠበቅሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ፋብሪካው ተረሳ። ጋሽ ዘለቀ ግንባራቸው በላብ ርሶ እጃቸውን ዘረጉ። ቀዳሁላቸው። በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግሩም ነው!... ማር!»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ቶሎ አልደሰትም። ብርጭቆውን አለቅልቄ ከጎን ቤት ካቲካላ አስቀዳሁበት። ካቲካላ ነጭ ነው፤ እሳቸው ግን ብርጭቆውን አላዩትም።

«ይኼኛውስ?»

«ይኼማ ይበልጣል!»

ምላሳቸው ውስኪና ካቲካላ አይለይም ማለት ነው። የእሳቸውን ቃል ይዤ መሸጥ እችላለሁ፤ ነገ ጓዶቹ ፊታቸውን ቢያጨማድዱ ግን ሻጥረኛው እኔ ነኝ።

«ጠዋት ሳይቅሙ ቢቀምሱትስ?» አልኳቸው።

«ጠዋት ጀዘባ ነኝ። ማር ብታጎርሰኝም ይመረኛል።»

ጠርሙሴን ጠቅልዬ ስወጣ ሮብሌ በር ላይ ያዘኝ። «ያ አኺ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ድሬ የመጣ እንግዳ ምሳውን በልቶ ወዴት ነው የሚወሰደው?»

«በርጫ።»

«ከበርጫስ በኋላ?»

«ጨብሲ!» ብዬ ቆምኩ። ለካ ጋሽ ዘለቀ የቀመሱት በትክክለኛው ምላስ ነው፤ ነገ ጓዶቹ ብርጭቆ የሚያነሱትም በዚያው ምላስ ነው።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብኝ ሆቴሉ ገባሁ።

«ጋሽ ዘለቀ ምን አሉ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ግሩም ነው ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ... ከበርጫ በፊት እንዳይከፈት።»

«ለምን?»

«የጃፓን ውስኪ ነው፤ ሰዓት ይፈልጋል።»

በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

ነገ፦ በማለዳ ጫት ተራ ወጥቶ ለእንግዶቹ ለስላሳ የአወዳይ ጫት መምረጥ። ከዚያ አምስቱን ጠርሙስ ማድረስ።