የጭፈራ ዘፈን በልብስ ፋብሪካው

ጋሽ ሬዲዮ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የፋብሪካው መዝገብ ቤት ብቻ ናቸው። ድሮ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ግን ምን እናድርገው ተብሎ ተመከረና ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት የካሴት ማጫወቻ፣ አንድ ማጉያና አንድ የውስጥ ስልክ ተሰጥቶት ተቀመጠ። ሥራው ዘፈን መክፈት ሆነ። «እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላቴም አይድረሰው፣ ተቀምጦ መዝናናት!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም፤ ዘፈን መክፈት የዋዛ ሥራ አይደለማ። መጀመሪያ ሰሞን እጁ የገባውን ሁሉ ሲለቅ ስሞታው ዘነበበት። ካውያ ቤት ያሉት ሴቶች «ጋሼ፣ የተከዳ ሰው ዘፈን ካልከፈቱልን እጃችን አይፈታም» አሉት። ከባሏ ጋር ፍቅር በፍቅር የሆነችው እንኳ የክህደት ዘፈን ሲመጣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አብራ ታንጎራጉራለች፤ ማን እንደከዳት እሷም አታውቅም። ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ ሬጌ ካልሆነ ወይ ፍንክች። ቆራጭ ክፍል ግጥም ያለበት ዘፈን ጨርሶ ክልክል ነው። እዚያ መቶ ድርብ ጨርቅ አንዴ የሚሰነጥቅ የኤሌክትሪክ ስለት አለ፤ ቃል ሲሰሙ ሐሳባቸው ይሄዳል፣ ሐሳባቸው ሲሄድ ደግሞ እጃቸው። ስለዚህ በተለየ መስመር ጊታርና ሳክስፎን ብቻ ይልክላቸዋል። ሚስቱ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው እዚያ ነው። ሴት ልጃቸው ካውያ ቤት ከገባች አራተኛ ዓመቷ ነበር።

ክፉው ነገር የመጣው ልጅቷ ከመቀጠሯ በፊት ነው። አንድ ቀን ካውያ ቤት የእንፋሎት ቧንቧ ፈነዳና አንዲትን ሠራተኛ ፊቷንና ደረቷን ገሸለጣት። ጩኸቷ በየክፍሉ ተሰማ፤ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቆመ፣ ሥራ እስከ ከሰዓት ተቋረጠ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ የጋሽ ሬዲዮን ደረጃ እያለከለከ ወጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲጎዳ ስልክ ይደወልልሃል» አለው። «የጭፈራ ዘፈን ትከፍታለህ፣ ጮክ አድርገህ። ከቆራጭ ክፍል በስተቀር በሁሉም ቦታ። ሰው እንዳይረበሽ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጋሽ ሬዲዮ።

እምቢ ማለት ይችል ነበር? ይችል ነበር። ከዚያች ክፍል ቢያስወጡት በዚያ ዳሌው የት ይገባል? ይህም ሥጋት ነበረበት። ብቻ እሺ አለ፣ ስድስት ዓመትም እሺ እንዳለ ኖረ። ስልኩ ይጮኻል፣ ሰው የተጎዳበት ክፍል አለቃ «ከፍ አድርገው!» ይላል፣ ይዘጋል። ማን እንደተጎዳ አይነገረውም። እሱም ካሴቱን ከቶ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል።

ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ሁለት ወር ሳይሞላ ፋብሪካው በሙሉ አወቀ። ከበሮው ሲመታ ሴቶቹ ካውያውን ያቆሙና ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ማን ጎደለ? የእኔዋስ የት አለች? ብለው ይቆጥራሉ። በደኅናው ሰዓት የጭፈራ ዘፈን እንዳይከፍት የለመኑት ራሳቸው ናቸው፣ እሱም ተወው። አንደኛዋ በገዛ ወንድሟ ሠርግ ላይ የሙዚቃ ባንዱ ጭፈራውን ሲጀምር ሳህኗን ጥላ «ልጆቼስ?» እያለች በእንግዳው መሀል ስትሮጥ አድራሻዋ ጠፋ። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። መቼስ ሳቅ ከተባለ።

ሚስቱ ግን አንድ ቀን እንኳ «ለምን ትከፍታለህ?» ብላው አታውቅም። ይህ ከሁሉ በላይ ያንገበግበው ነበር።

አንዲት ካሴት ብቻ በመሐረብ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል። የሠርጋቸው ቀን አብረው የጨፈሩባት ዘፈን ናት። ሰው ሲጎዳ ርካሽ ርካሹን ዘፈን ነበር የሚከፍተው፣ ያቺን ግን አላስነካም። የሚስቱ ጡረታ ሲደርስ አንድ ሐሳብ መጣለት። በመጨረሻው ቀኗ፣ ልክ በአራት ሰዓት፣ ያቺን ዘፈን ለእሷ ይከፍትላታል። በዕድሜው አንድ ነገር ሳይታዘዝ ሊያደርግ ነው፤ ያውም ለእሷ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ልቡ ሲመታ ሰነበተ፣ ለልጁም ሳይነግር ሚስጥሩን ዋጠ።

ጋሽ ሬዲዮ ዘፈንን በስሙ ነው የሚያውቀው። ይሄ የእገሌ ነው፣ ይሄ በእንዲህ ያለ ዓመት የወጣ ነው ይላል። ታች ያለው ሰው ስም አይሰማም፤ ከበሮ ነው የሚሰማ። ይህን ስድስት ዓመት በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ይዘነጋዋል? ዘነጋው። ደስታ ጋረደው።

በአራት ሰዓት የሁሉንም ክፍል መስመር ከፈተ፤ የቆራጭ ክፍልንም ጭምር። ዘፈኑ ሲጀምር ከዘራውን ይዞ ተነሣና በዚያች ጠባብ ክፍል ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። የቆራጭ ክፍሉ አለቃ ነበር፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ከፍ አድርገው! ከፍ አድርገው!»

«ደስ አላት አይደል?» አለ ጋሽ ሬዲዮ እየሳቀ። ስልኩ ተዘግቷል። እሱም የማጉያውን ቁልፍ ደርሶ እስከማያውቀው ድረስ አዞረው።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል በሩ ተበርግዶ ልጁ ገባች። ሽርጧ ደም በደም ሆኗል።

«አባዬ ዝጋው! እማዬ ናት! ዝጋው!»

ከበሮው ከራሷ በላይ ሲፈነዳ ሚስቱ ቀና ብላ ወደ ካውያ ቤት ዞራ ነበር፣ ወደ ልጇ። ስለቱ የቀኝ እጇን አራት ጣቶች ወሰደ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ከእንቅልፏ ነቃች።

«እነማን ናቸው?» አለችው።

«ምኖቹ?»

«ያለቁት። ለአንድ ለሁለት ሰው ሲሆን እኛ ጋ በግድግዳ ነበር የምንሰማው። ያን ቀን እኛው ክፍል ውስጥ ተከፈተ። ስንት ሰው ቢያልቅ ነው? የኔዋ ተርፋለች፣ አይቻታለሁ። የሰው ልጅስ? እዚህ የሚነግረኝ አጣሁ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ።»

መዋሸት ይችል ነበር። ጣቶቿን ያጣችው ለሰው ደንግጣ እንደሆነ እያሰበች ብትኖር ይቀላት ነበር። አፉን ከፈተ፣ ግን ውሸቱ አልመጣለትም።

«ማንም አልተጎዳም» አለ። «የሠርጋችን ዘፈን ነበር። ለመሰናበቻሽ ብዬ ነው የከፈትኩት።»



«የሠርጋችን?» አለች። «አላወቅሁትም።» ከዚያም፣ «ኋላ ከፍ ያለውስ? ወለሉ ላይ ወድቄ ሰምቼዋለሁ።»

«ስልክ ተደወለ። ደስ ብሏችሁ መስሎኝ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ተንሰቀሰቀ፤ የሰውነቱ ጉልበት በሙሉ እስኪያልቅ አለቀሰ። ልጃቸው ሾርባ ይዛ ስትገባ እናትየው ፊቷን ሳትመልስ፣ «አባትሽን ወደ ቤት ይዘሽው ሂጂ፤ ሦስት ቀን አልተኛም» አለቻት።